የተቃጠለው አየር በደማችን ውስጥ ምን ይሠራል?

ካርቦን ዳይኦክሳይድን የምናውቀው ሰውነት ተጠቅሞ እንደሚያስወጣው የተቃጠለ አየር ነው። ቆሻሻ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ትልቁን ሥራውን ያስረሳል። በቀይ የደም ሕዋሶች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች አሉበት፤ ሳንባ ውስጥ ኦክስጅንን አጥብቆ መያዝ፣ ጡንቻ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ መልቀቅ። ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ መልቀቁ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ያ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1904 ኮፐንሀገን ውስጥ ክርስቲያን ቦር ከካርል ሃሰልባልክና ከኦገስት ክሮግ ጋር ሆኖ እንዳሳየው፣ የኦክስጅኑ ግፊት ሳይለወጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨመር ደም ከያዘው ኦክስጅን ከፊሉን ይለቃል። ይህ ጋዝ እንግዲህ ኦክስጅን የት እንደሚፈለግ ጠቋሚም ነው።

ሁለቱ ጋዞች ለአንድ ቦታ የሚሻሙ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ኦክስጅን የሚያርፈው በሄሞግሎቢን ብረት ላይ ነው። እዚያ የሚሻማው ከከሰል ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን አብዛኛው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ፣ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ከውኃ ጋር ይዋሃድና ባይካርቦኔትና የሃይድሮጂን አዮን ይሆናል። የሃይድሮጂን አዮኖቹ ከሄሞግሎቢን ጋር ሲያያዙ የፕሮቲኑ ቅርጽ ኦክስጅንን ወደሚያላላው አቋም ያዘነብላል። ጥቂቱ ጋዝም በፕሮቲኑ ሰንሰለቶች ጫፍ ላይ ተጣብቆ ያንኑ አቋም ያግዛል። በርትቶ የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያመነጭ፣ ከሚያልፈው ደም የሚለቀቅለት ኦክስጅንም ይበዛል። ሳንባ ውስጥ ጋዙ ሲወጣ ሄሞግሎቢን መልሶ ኦክስጅንን አጥብቆ ይይዛል።

ታዲያ ቶሎ ቶሎ በጥልቀት በመተንፈስ ጋዙን አራግፎ ብዙ ኦክስጅን ማግኘት አይቻልም? ጤነኛ ሰው ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ከሆነ ጥቅሙ ኢምንት ነው፤ በደም ወሳጁ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን አስቀድሞም ከ95 በመቶ በላይ ተሞልቷል። በእርግጥ የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው፤ ያኔ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን አጥብቆ ይይዛል፣ የአንጎል ደም ስሮችም ይጠባሉ። የሚከተለው ማዞር በዋናነት ከእነዚህ ደም ስሮች መጥበብ የሚመጣ ነው።

ከዚህ የከበደ ተቃውሞ የሚመጣው ከኤቨረስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሐኪሙ ክሪስ ፒዞ ጫፉ ላይ ሆኖ የሰበሰበው የሳንባ አየር ሲለካ፣ በባሕር ጠለል 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ የሚሆነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ወደ 7.5 ወርዶ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን ለጡንቻ መልቀቅ ሊከብደው ይገባ ነበር፤ ሰውየው ግን ቆሞ ይሠራ ነበር። ይህ የቦርን ግኝት አያፈርስም። እዚያ ከፍታ ላይ ከባዱ ነገር ኦክስጅንን ማራገፍ ሳይሆን መጫን ስለሆነ፣ ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን አጥብቆ መያዙ በጡንቻ ዘንድ ከሚያጎድለው ይልቅ በሳንባ የሚያስገኘው ይበልጣል።