ለሕፃናቱ ከሆነ ካርታ ምን ያደርጋል?

ለመሆኑ ከመካከላችሁ በትምህርት ቤት ባዛር ላይ የቶምቦላ ዕጣ ቆርጦ የማያውቅ ይኖር ይሆን? የቆረጣችሁት ቴርሞስ ይደርሰኛል ብላችሁ ሳይሆን፣ ገንዘቡ ለመልካም ሥራ ይውላል በማለት ነው። በቶምቦላው ፈንታ የካርታ ጨዋታ ቢቀርብላችሁስ? ይህ ለእኔ የገጠመኝ በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው አሌክሳንድሪያ የምትኖረውን ታላቅ እኅቴን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ በሄድኩበት ጊዜ ነበር።

በእኅቴ ሰፈር ለታመሙ ሕፃናት መርጃ የሚሆን የፖከር ውድድር ተዘጋጀ። መግቢያው 50 ዶላር ነው። በልጅነቴ ከወንድሞቼ ጋር ኮንከር ከመጫወት በቀር ስለ ካርታ የማውቀው አልነበረም። ሆኖም «ለሕፃናት ነው» ሲሉኝ እሺ አልኩ።

አጨዋወቱን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል። ከዚያም በጠረጴዛው መካከል መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 1፣ በመጨረሻም 1 ካርታ ለሁሉም ይገለጣል። በእጁ ካለውና ከተገለጠው መካከል የተሻሉ 5 ካርታዎችን ያገናኘ ያሸንፋል። በየመካከሉ መደብ ይጣላል። መደቡም በየ20 ደቂቃው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ እጁን አጣጥፎ ጥሩ ካርታ የሚጠብቅ ሰው ሳይጫወት ያልቃል።

በ50 ዶላሬ ምትክ የተሰጡኝ እንደ ቆርኪ ያሉ ክብ የፕላስቲክ መቁጠሪያዎች ናቸው። ድምራቸው 10,000 ነው። ወደ ገንዘብ አይመለሱም። ታዲያ ከቦርሳዬ 25 ዶላር ለማውጣት ሁለት ጊዜ የማስብ ሴት፣ 5,000 የተጻፈበትን ክምር ስገፋ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ። ይህ በአማካይ ከ221 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገጥም ነው። ያለኝን በሙሉ ገፋሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌም ተከተሉኝ። ካርታችን ሲገለጥ እርሳቸው የያዙት አንድ አስና አንዲት ንግሥት ነው። እንዲህ ባለ አያያዝ ከ10 ጊዜ 7 ያህሉን የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። በመጨረሻዋ ካርታ ግን አስ ወጣች። ሁሉንም ሰብስበው ወሰዱት።

በዚህ ጊዜ አስተናባሪው፣ «50 ዶላር የጨመረ እንደገና ይገባል፤ ለሕፃናት ነው!» ብሎ ጮኸ። በቦርሳዬ ውስጥ የቀረው 60 ዶላር ለእናቴ የማንበቢያ መነጽር መግዣ የተቀመጠ ነበር። ሳላመነታ 50ውን ሰጠሁ። በ25 ደቂቃ ውስጥ አለቀ።

አፈር ብዬ እንደመነሣት ወደ እኅቴ ዞሬ፣ «እትዬ፣ 50 ዶላር አበድሪኝ፤ ለሕፃናቱ ነው» አልኳት።

እርሷም ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ለሕፃናቱ ከሆነ የስጦታው ሳጥን በሩ አጠገብ አለልሽ። ካርታ ምን ያደርግልሻል? አንቺ የምታስቢው የሽማግሌውን አስ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የመጀመሪያው 50 ዶላር ስጦታ ነው። ሁለተኛው ግን እልህ ነው። የእናቴን መነጽር የገዛችው እኅቴ ናት፤ እናቴ እስከ ዛሬ የእኔ ስጦታ ይመስላታል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ክሪስ መኒሜከር የተባለ አማተር ተጫዋች፣ በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ሰው፣ በላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። በየጠረጴዛው ዙሪያ ያለ አማተር ሁሉ የእርሱን ስም ያነሣል። በዚያ ውድድር የገቡት 839 ሰዎች ሲሆኑ፣ ስለ 838ቱ ግን የሚያወራ የለም።

ውድ አንባቢያን! ለበጎ አድራጎት መጫወት ነውር ነው አልልም። አዳራሹ ሳቅ የሞላበት ነበር፤ ገንዘቡም ተሰብስቧል። ነገር ግን ወደ እንዲህ ያለ ጨዋታ ስትሄዱ የምትሰጡትን ቆጥራችሁ ያዙ፤ ያንንም ገና በሩ ላይ እንደ ሰጣችሁት ቁጠሩት። ከገቢው ለተረጂዎቹ የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። የቤታችሁን ወጪ ከቤታችሁ አታውጡ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምር» የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁም፣ የምትጨምሩት ለማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ በእውነት ለተቸገረው ከሆነ፣ ሳጥኑ በሩ አጠገብ አለ።