ኮድ ያገኘው፣ ቦታ ያጣው የዜማ ምልክት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን የድጓን ብራና ገልጦ ያየ ሁሉ ከቃሉ በላይ የተደረደሩትን ደቃቅ ምልክቶች ያውቃቸዋል። ድፋት ድምፅን ወደ ታች ይመልሳል፤ ቅናት ወደ ላይ ያነሣል፤ ርክርክ ያርገበግባል፤ ቁርጥ ይቆርጣል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ጌራና ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ሥርዓት እንዳስያዙት የሚነገርለት ይህ አጻጻፍ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ኖሯል። የጸሐፊው ብርዕ ምልክቱን የሚያሳርፈው ዜማው የሚነካው ፊደል አናት ላይ ነው። በኮምፒውተር ይህን መሥራት ግን ዛሬም ያታግላል።

ችግሩ ምልክቶቹ አለመመዝገባቸው አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ኮድ በሚያገኙበት መዝገብ፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ገባ። የዜማ ምልክቶቹም በ2005 በወጣው እትም 4.1 ተከተሉ። ይዘት ᎐፣ ደረት ᎑፣ ርክርክ ᎒፣ አጭር ርክርክ ᎓፣ ድፋት ᎔፣ ቅናት ᎕፣ ጭረት ᎖፣ ሂደት ᎗፣ ደረት ሂደት ᎘፣ ቁርጥ ᎙፤ አሥር ናቸው። ሊቃውንቱም ሲቆጥሩ አሥር ይላሉ፤ አቆጣጠሩ ግን ለየቅል ነው። በእነርሱ ዘንድ ድርስና አንብር ይገባሉ። እነዚህ ሁለቱ በፊደል ስለሚጻፉ የተለየ ኮድ አላገኙም።

ጉድለቱ ያለው ምልክቶቹ በተመዘገቡበት ባሕርይ ላይ ነው። አሥሩም የራሳቸውን ቦታ ይዘው በመስመሩ ውስጥ እንዲቀመጡ ሆነው ነው የገቡት። በዚያው እትም የገባው የማጥበቂያ ምልክት ግን ከፊደሉ አናት ጋር እንዲጣበቅ ተደርጓል። ስለዚህ አንድ ሰው ድፋትን ከአንድ ፊደል ቀጥሎ ቢጽፍ፣ ፎንቱ ምልክቱን ቢያውቀውም እንኳ፣ ድፋቱ ከጎን ይቆማል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ከፍ ማድረጉ ለሶፍትዌሩ የተተወ ሥራ ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይህን እንዲሠራ አልተነገረውም።

ጸሐፊዎች ታዲያ መላ ይፈጥራሉ። ምልክቶቹን ከላይ ባለ ሌላ መስመር ላይ እያራራቁ የሚደረድሩ አሉ። የፊደሉ መጠን ሲቀየር፣ ወይም ጽሑፉ በጠባብ የስልክ ገጽ ሲከፈት፣ መስመሩ ይሰበርና ቅናቱ የሌላ ቃል ፊደል ላይ ያርፋል። ይህ ተራ የአቀማመጥ ስሕተት አይደለም፤ ለሚያዜመው ሰው ሌላ ዜማ ነው። ገጹን በፎቶ ማስቀመጥ ቦታውን ይጠብቃል፤ በዚያ ገጽ ውስጥ ግን አንድን ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም፣ በኋላም በዲጂታል ተቀድተው ተርፈዋል፤ የተረፉት ግን በምስል ነው።

ከአሥሩ ይልቅ የሚከብዱት የፊደል ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ከታወቀ ዜማ የተወሰዱ ሐረጎች ምህጻር ሲሆኑ ብዛታቸው በመቶዎች ይቆጠራል። አንድ ወይም ሁለት ፊደል፣ አነስ ብሎ ከቃሉ በላይ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ግን ከተራ ፊደል አይለያቸውም። ጽሑፉ ተቀድቶ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ከላይ የነበረው ፊደል ቃሉ መካከል ይገባና ንባቡን ያበላሸዋል።

የሌሎችም ጉዞ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የምዕራባውያን ኖታ በ2001 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ነጥቡ የትኛው መስመር ላይ እንደሚያርፍ መወሰኑ ለሌላ ሶፍትዌር ተትቷል። ለእነርሱ ግን ያንን ክፍተት የሚሞሉ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የዜማ ምልክቶች በ2021 ሲመዘገቡ ደግሞ ከሌላው ምልክት ጋር የሚጣበቁት በዚሁ ባሕርያቸው ገቡ። ዘግይቶ መምጣት አንዳንዴ ይጠቅማል።

ለእኛ የቀረበው መንገድ ለጃፓንኛ ንባብ ተብሎ በድረ ገጽ ቋንቋ ውስጥ የተሠራው «ሩቢ» ነው፤ ከቃል በላይ ትንሽ ጽሑፍ አስሮ ይይዛል፣ መስመሩ ሲሰበርም አብሮ ይወርዳል። ለዜማችን ግን በቂ የሚሆነው ተራ ጸሐፊ ሳይቸገር የሚጽፍበት መሣሪያ ሲኖር፣ ፍለጋውም ቃሉን ከምልክቱ ለይቶ ሲያይ ነው። ይህን የሚሠራ ባለሙያ ከድጓ መምህራን አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ ምልክቱ በየትኛው ፊደል ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ቤተ ክርስቲያኒቱም፣ የግዕዝ ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎችም ይህን ሥራ ዛሬ ነገ ሳይሉ በጋራ ይጀምሩት።