የመብራት ዲመር ለመታጠቢያ ቤት ፋን ለምን አይሆንም?

የዛሬውን ርዕስ የመረጥሁት ቢዮ አዋሌ ውስጥ በአንድ አዲስ ቤት ካየሁት ችግር ተነሥቼ ነው። የቤቱ ባለቤት በመታጠቢያ ክፍላቸው የመብራቱን ድምቀት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ዲመር አስገጥመዋል። ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል ግን እንፋሎት የሚያስወጣው ፋንም በዚያው ዲመር በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። መብራቱ ደብዘዝ ሲል ፋኑ ያጓራል፤ ይበልጥ ሲቀነስ ይቆማል። ውሎ አድሮ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ መጣ።

ባለቤቱ የጠየቁኝ ጥያቄ ተገቢ ነበር፦ «የሳሎኑ የጣሪያ ፋን በሚዞር ቁልፍ ፍጥነቱ ይቀነሳል፤ ይህኛው ለምን እምቢ አለ?» በድሬዳዋ ሙቀት የጣሪያ ፋን ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ ቁልፉም በመልኩ ከዲመር ጋር ይምታታል። ልዩነቱ ያለው ከቁልፉ ጀርባ ነው።

የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህም ቮልቴጁ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። የተለመደው ዲመር ከእያንዳንዱ ግማሽ ዑደት መጀመሪያውን ቆርጦ የቀረውን ብቻ ያሳልፋል። ባለክሩ የቀድሞ አምፖል ይህ አያስቸግረውም፤ ክሩ በመቶኛ ሴኮንድ ውስጥ ስለማይቀዘቅዝ ዓይናችን የሚያየው ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ነው። የመታጠቢያ ቤት ፋን ግን ብዙውን ጊዜ ኢንዳክሽን ሞተር ነው። ፍጥነቱን በዋናነት የሚወስነው 50 ኸርዙ ሲሆን ዲመሩ እርሱን አይለውጠውም፤ የሚያዳክመው የማዞር ጉልበቱን ነው። ይህ ጉልበት የቮልቴጁን ካሬ ስለሚከተል ቮልቴጁ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሞተሩ መዞር ተስኖት ሲቆም ጥቅል ሽቦው ኮረንት መሳቡን አያቆምም፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ግን የለም። ሽታው የመጣው ከዚህ ነው። ጉርምርምታው ደግሞ የተቆራረጠው ሞገድ የሞተሩን ብረት ስለሚያንቀጠቅጥ ነው።

በደረጃ የሚዞረው የጣሪያ ፋን ማስተካከያ በአንጻሩ በውስጡ ጥቅል ሽቦ ወይም ካፓሲተር ስላለው ሞገዱን ሳይቆርጥ ቮልቴጁን ይቀንሳል። ሞተሩም በዝቅተኛ ቮልቴጅ በዝግታ እንዲዞር ታስቦ የተሠራ ነው።

ታዲያ ሽቦው እንዴት ይዘርጋ? ከብሬከሩ የሚመጣው ፌዝ በቅድሚያ ወደ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ይግባ። ከማብሪያው ሲወጣ ለሁለት ይከፈል፦ አንዱ በቀጥታ ወደ ፋኑ ይሂድ፣ ሌላው በዲመሩ በኩል ወደ መብራቱ። ኒውትራሉ ለሁለቱም በቀጥታ ይደርሳል፤ የመሬት ሽቦውም ፋኑ የሚጠይቅ ከሆነ ሊቀር አይገባም። በዚህ ዘዴ ሁለቱ አብረው ይበራሉ፣ የሚደበዝዘው ግን መብራቱ ብቻ ነው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆይ ባለሰዓት ፋን ከሆነ ደግሞ ከማብሪያው በፊት የተወሰደ፣ የማይቋረጥ ተጨማሪ ፌዝ ያስፈልገዋል።

በነገራችን ላይ ኤልኢዲ አምፖል ሁሉ ለዲመር አይሆንም፤ ማሸጊያው ላይ ይህ መጻፉን ሳያዩ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ተስማሚ አምፖል ሆኖም ዲመሩ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ ጭነት በታች ከሆነ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ዲመርም ሆነ ማብሪያው እርጥብ እጅ እንዳይነካው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ይሁን፤ መስመሩም ኮረንት ሲያመልጥ የሚያቋርጥ የ30 ሚሊአምፔር መከላከያ ይኑረው። ዲመሩን እስከ መጨረሻው አዙሮ «ጠፍቷል» ብሎ ሽቦ መንካት አደገኛ ነው፤ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መስመሩን ፈጽሞ ላይለየው ይችላል። ብሬከሩ ይውረድ፣ ከዚያም በቴስተር ይረጋገጥ። ሥራውም ለባለሙያ ይሰጥ።

በቢዮ አዋሌው ቤት ለማስተካከያው ያስፈለገው ከማብሪያው እስከ ፋኑ የሚደርስ አንድ ተጨማሪ ሽቦ ነበር። ጥቅሉ የተቃጠለው ፋን ግን ሊድን ስላልቻለ በአዲስ ተተካ።