ሐዲዱ ተነሥቶ መንገዱ የጋራ ሆነ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ አንድ ገጠር ያለውን ሀብት ለማወቅ አስቀድሞ የተወውን ነገር መለስ ብሎ ማየት ይበጃል። አገልግሎቱ ያበቃ መንገድና ጎኑ የተቆረሰ ኮረብታ ብዙ ጊዜ እንደ ጥፋት ብቻ ይቆጠራሉ። በስፔን ሰሜን ምሥራቅ፣ በካታሎኒያ የምትገኘው የጋሮቻ ወረዳ ግን እነዚህን ሁለቱን ይዛ መተዳደሪያዋን ያሰፋች አገር ናት። እንዴት እንደሆነ መመልከቱ ማኅበር ለሚመራ ሰው ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እሳት የሠራው መሬት

በጋሮቻ 40 ያህል የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች አሉ። የመጨረሻው ፍንዳታ ከደረሰ ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ስለሆነው፣ ዛሬ ኮረብታዎቹን ደን ሸፍኗቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ሜዳም ይታረሳል። ሳንታ ማርጋሪዳ የተባለው ኮረብታ አናቱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ በሣር የተሸፈነ ሲሆን፣ በመሐሉ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። ከክሮስካት ተራራ ቀልጦ በፈሰሰው አለት ላይም ሰፊ ደን በቅሏል።

ባቡሩ ያቆየው ውለታ

የወረዳውን ዋና ከተማ ኦሎትን ከጂሮና ከተማ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ባቡር ነበር። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 75 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መሥመሩ በ1911 ኦሎት ደርሶ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ከቆየ በኋላ፣ በ1969 ተዘጋ። ሐዲዱም ተነሣ።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ ሲነሣ የተደለደለው መሬት ቀረ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ መንገዱ ሲቀየስ ጉብታው ተቆርጦ፣ ጎድጓዳው ተሞልቶ፣ በወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቶለታል። ይህን ሁሉ ሥራ የቀድሞው ትውልድ ጨርሶታል። በኋላ በመሥመሩ ላይ ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች ተባብረው ንጣፉን በደቃቅ ጠጠርና በአፈር ጠቅጥቀው፣ ምልክት ተክለው፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ከፈቱት። ርዝመቱ 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኦሎት ተነሥቶ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን በር ካለፈ በኋላ፣ በመንደሮችና በእርሻዎች መካከል እያዘገመ እስከ ጂሮና ይወርዳል። መኪና እንዳይሮጥበት በመደረጉ ሕፃንም አዛውንትም ያለ ስጋት ይሄዱበታል። ከጂሮና ወደ ባሕሩ የሚወርደው ሌላው አሮጌ የባቡር መሥመርም እንዲሁ የብስክሌት መንገድ ሆኗል።

ለጠጠር የተሠራ ብስክሌት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደዚያ አገር ብዙ እንግዳ የሚመጣው ለጠጠር መንገድ ተብሎ በተሠራ ብስክሌት ነው። ይህ ብስክሌት መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የቆለመመ ሲሆን፣ ጎማው ግን 40 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለውና ነፋሱ ለስለስ ተደርጎ የሚሞላ ነው። ስለዚህ በአስፋልትም በጠጠርም ይሄዳል። ከ2019 ጀምሮ ጂሮና ላይ «ትራካ» የሚባል የጠጠር መንገድ ውድድር ይካሄዳል። እንዲህ ያለው እንግዳ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ስለሚጓዝ በየመንደሩ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ማደሪያም ይፈልጋል። በመኪና አልፎ ከሚሄደው ይልቅ ለገጠሩ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተቆረሰው ተራራ

ታሪኩ ግን ያለ ክርክር የተገኘ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ የወጣው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር ለግንባታ ስለሚፈለግ፣ የክሮስካት ጎን ለዓመታት ሲቆፈር ኖሯል። ተራራው ሊያልቅ ነው ያሉ ነዋሪዎችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ድምፃቸውን አሰሙ። በ1982 የካታሎኒያ ምክር ቤት አካባቢው በሕግ እንዲጠበቅ ወሰነ። ቁፋሮው ፈጽሞ የቆመው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የተቆረሰው ጎን አልተደፈነም፤ ተስተካክሎ፣ የእሳተ ገሞራው ድርብርብ እንደ ግድግዳ የሚታይበት የመማሪያ ቦታ ሆነ። ዛሬ ተማሪና ጎብኚ ወደዚያ ይሄዳል።

ጠጠሩን የሸጠ አንድ ጊዜ ሸጦታል። ተራራውን ያቆየ ግን በየዓመቱ እንግዳ ይቀበላል።

ገበሬው ምን አገኘ?

በጥበቃ ክልሉ ውስጥ አብዛኛው መሬት የግለሰቦች ነው፤ ገበሬው አልተነሣም። በሳንታ ፓው ዙሪያ በእሳተ ገሞራው አፈር የሚበቅለው ነጭ ቦሎቄ በቦታው ስም የታወቀና ስሙም በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ፣ ሌላ ቦታ የበቀለ ቦሎቄ በዚያ ስም መሸጥ አይችልም። ምግብ ቤቶችም የዚያን አገር ቦሎቄ፣ ድንችና ሥጋ እያበሰሉ ለእንግዳ ያቀርባሉ። የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሥራ ለመፍጠር በ1982 በኅብረት ሥራ ማኅበርነት የተመሠረተው «ላ ፋዤዳ» በደኑ መካከል ላሞች እያረባ የሚያመርተው እርጎ በመላው ካታሎኒያ ይሸጣል።

ችግርም አልጠፋም። እንግዳ ሲበዛ እርሻ ይረገጣል፣ በር ክፍት ይተዋል፣ ከብት ይደነግጣል። ስለዚህ ብስክሌት በየትኛው መንገድ እንደሚሄድና የትኛው ለእግረኛ ብቻ እንደሆነ በደንብ ተወስኗል። ወደ ማሳው የሚሄድ ገበሬም በአንዳንድ ቦታ መንገዱን በተሽከርካሪው ይጋራል።

ለእኛ የሚሆን ቁም ነገር

በአገራችንም በቢሾፍቱ ዙሪያና በስምጥ ሸለቆው እንዲህ ያሉ ኮረብታዎች አሉ፤ ብዙዎቹም ለመንገድና ለግንባታ ሲቆፈሩ ይታያሉ። በሌላ በኩል ወንጪ አለ። ነዋሪው ፈረስ እያከራየ እንግዳ ሲያስጎበኝ የኖረበትን ይህን የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አካባቢ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል።

መንገድ ያስፈልጋልና ጠጠር አይቆፈር ማለት አይቻልም። ነገር ግን መሪ የሆነ ሰው ለቁፋሮ ወይም ለጎብኚ መንገድ ከመፈረሙ በፊት በስብሰባ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ያንሣ። አንደኛ፣ ኮረብታው ሲያልቅ ለልጆቻችን ምን ይቀራል? ሁለተኛ፣ መንገዱ ሲከፈት ዝናብ የሸረሸረውን ማን ይጠግናል፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ሦስተኛ፣ ከብት ወደ ውሃ፣ ገበሬም ወደ ማሳው በየት በኩል ያልፋል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ ሁሉም ሰምቶት ይቀመጥ። ክሮስካትን የሚያክል ተራራ እንኳ ከተቆፈረ በኋላ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ምክክሩ ከመጀመሪያው አካፋ በፊት ይሁን።