የልጆቻችን እጅ ሥራ አይፍታ



ሕፃን ልጅ እጁ አያርፍም። ጭቃ ካገኘ በሬ ይሠራል፤ ሽቦ ካገኘ መኪና ያበጃል፤ አሮጌ ካልሲ ካገኘም ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ያደርገዋል። ይህን ለማድረግ አስተማሪ አላስፈለገውም። እኛ ወላጆችና መምህራን ግን ብዙ ጊዜ የምንደርስበት ልብሱ ጭቃ ከነካ በኋላ ስለ ሆነ፣ «ተው፣ አትቆሽሽ! ግባና አጥና» እንለዋለን። በዛሬው ዘመን ደግሞ ዝም እንዲልልን ስልካችንን እንሰጠዋለን። ልጁ ዝም ይላል፤ እጁም አብሮት ሥራ ይፈታል። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚህ ሥራ ስለ ፈታ እጅ ነው።

ሌላውን ከመውቀሳችን አስቀድሞ የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። የተፈጥሮ ሳይንስ ማስተማር በጀመርንበት ዘመን ሥራችን ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳም ወደ ደብተር ማስገልበጥ ነበር። በአንድ የሰኔ ወር ከአንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ወስደን «በእኩለ ቀን ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል» ብለን በሰሌዳ ላይ ጻፍን። የዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ እጁን አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ የሰንደቅ ዓላማው እንጨት ጥላ እኮ ወደ እንጦጦ አይደለም፤ ወደ ታች ነው» አለን። እኛም «መጽሐፉ የሚለውን ጻፍ» ብለን መለስንለት። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም ተቀመጠ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት በሰንደቅ ዓላማው አጠገብ ስናልፍ ቆመን ተመለከትን። ጥላው በእርግጥ ወደ ደቡብ ወድቆ ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው ከእኛ ርቀው በሰሜን ለሚኖሩ ሕፃናት ስለ ነበረ ለእነርሱ የተናገረው እውነት ነው፤ በአዲስ አበባ ግን በክረምቱ ወራት እውነት አይደለም። ይህን በክፍሉ ፊት ተናግረን ልጁን ይቅርታ እስክንጠይቀው ድረስ ሁለት ቀን ፈጀብን። እርሱ ግን እንደገና እጁን እስኪያነሣ ድረስ ወራት ፈጀበት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዐይን ሊታይና በእጅ ሊለካ የሚችለውን ነገር በቃል ብቻ ላለማስተማር ከራሳችን ጋር ቃል ገባን።

እንግዲህ ወላጆች በቤታቸው፣ ያለ ብዙ ወጪ፣ ከልጆቻቸው ጋር ሊያደርጉት የሚችሉትን አራት ሥራ ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

፩ኛ፤ የጥላ መለኪያ

አንድ ሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ፀሐይ በሚያገኘው ደልዳላ መሬት ላይ ይተከል። አለመዝመሙን ለማረጋገጥ እንደ ግንበኛ ቱምቢ በክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥሎ ከእንጨቱ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ልጁ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ በየዐሥር ደቂቃው የጥላው ጫፍ በደረሰበት ላይ ጠጠር ያስቀምጥ። ከሁሉ ያጠረው ጥላ የሚያመለክተው መስመር የሰሜንና የደቡብ መስመር ነው። ልጁ ፀሐይዋን በቀጥታ እንዳይመለከት ግን አጥብቆ መከልከል ያስፈልጋል፤ ዐይን ይጎዳልና።

በዚህ ሥራ ልጁ ሁለት የሚያስደንቁ ነገሮችን ያገኛል። የመጀመሪያው፣ በአዲስ አበባ ጥላ ከሁሉ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን፣ እንደ ወራቱ ከ6 ሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 40 ባለው ደቂቃ ውስጥ መሆኑ ነው። የአገራችን ሰዓት የተስተካከለው በኦጋዴን በኩል በሚያልፈው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ስለ ሆነ ፀሐይ ወደ አዲስ አበባ ዘግየት ብላ ትደርሳለች። ሁለተኛው ያ ተማሪያችን ያየው ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 23 ገደማ በእኩለ ቀን ልክ ከራስ በላይ ትሆናለች፤ በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ጥላ ወደ ደቡብ፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ሰሜን ይወድቃል። የአንዱ ሜትር እንጨት ጥላ ሰኔ 14 ቀን ወደ ደቡብ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን ደግሞ ወደ ሰሜን 64 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

ዘመድ በውጭ አገር ያለው ቤተሰብ ይህን ሥራ ከዚያ ካሉት ልጆች ጋር ቢተባበርበት መልካም ነው። በዚያው በሰኔ 14 ቀን በዋሽንግተን ከተማ የሚኖር የአክስት ልጅ በእኩለ ቀኑ ቢለካ፣ የእርሱ ጥላ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሁለቱ ልጆች በስልክ ቢነጋገሩ፣ ርዝመቱ ሊተካከል ጥቂት የቀረው ጥላ በተቃራኒ አቅጣጫ የወደቀው ምድር ክብ ስለ ሆነች መሆኑን ይረዳሉ። በእስክንድርያ የቤተ መጻሕፍት ሹም የነበረው ኤራቶስቴኔስ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት፣ የምድርን ዙሪያ የገመተው በዚህ ዓይነት ነው። በአስዋን ፀሐይ ከራስ በላይ በምትሆንበት ቀን በእስክንድርያ የጥላው ማዕዘን የክብ አንድ ኀምሳኛ መሆኑን ለክቶ፣ የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዛው። ስልክም እንግዲህ ልጅን ዝም ከማሰኘት የሚሻል አገልግሎት አለው።

ጥላን መለካት ለአባቶቻችንም እንግዳ አልነበረም። ካህናት በጾም ወራት የቅዳሴውን ሰዓት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ያውቁ ነበር። ልጅና አባት በአንድ ሰዓት፣ እያንዳንዱ በራሱ እግር፣ የራሱን ጥላ ቢለካ የሚያገኙት ቍጥር ተቀራራቢ ነው። ምክንያቱን ከመናገር በፊት ልጁን መጠየቅ ይሻላል። ጥቂት ካሰበ፣ ቁመቱ የረዘመ ሰው እግሩም የረዘመ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል።

፪ኛ፤ የሚወዛወዝ ድንጋይ

ጽና ይዞ ያጠነ ቄስ ሁሉ ሰንሰለቱ ሲያጥርና ሲረዝም ውዝዋዜው እንደሚለይ እጁ ያውቃል። ኢጣሊያዊው ሊቅ ጋሊሊዮ ይህንኑ ነገር ማሰላሰል የጀመረው በፒዛ ከተማ ቤተ ክርስቲያን የተሰቀለ መብራት ሲወዛወዝ አይቶ ነው ተብሎ ይተረካል። በኋላም በ1656፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የሆላንዱ ሊቅ ሃይገንስ በዚህ ሕግ የሚሠራ ሰዓት አወጣ።

በቤት ውስጥ ለመሥራት ክርና በጨርቅ የታሰረ ድንጋይ ይበቃል። ከተንጠለጠለበት እስከ ድንጋዩ መካከል አንድ ሜትር ሆኖ ሲለካ፣ ድንጋዩ በአንድ ደቂቃ 30 ጊዜ ያህል ሄዶ ይመለሳል። አሁን ልጁን «ድንጋዩን በከባድ ብንለውጠውስ?» ብለን እንጠይቀው። ይፈጥናል የሚል ልጅ አለ፤ ይዘገያል የሚልም አለ። ሲቆጥሩት ግን ያው 30 ነው። ቀጥለን «ክሩን በግማሽ ብናሳጥረውስ?» እንበለው። ብዙ ልጆች 60 ይላሉ። ሲቆጥሩ የሚያገኙት 42 ያህል ነው። ወደ 60 የሚደርሰው ክሩ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ አራተኛ፣ ሲሆን ነው። ልጁ እዚህ ላይ በገመተው መሳሳቱን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ግኝት ይቆጥረዋል፤ የሳቀበት ሰው የለምና።

፫ኛ፤ የሸክላና የፕላስቲክ ዕቃ

ያልተሟሸ ትንሽ የሸክላ ገንቦና መጠኑ የሚቀራረብ የፕላስቲክ ዕቃ እኩል ውሃ ተሞልተው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ይቀመጡ። ልጁ እጁን በሁለቱም ውስጥ ሲያገባ የሸክላው ውሃ ቀዝቅዞ ያገኘዋል። ሸክላው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃው ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ያ ላብ ተኖ ሲሄድ የቀረውን ውሃ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በበጋ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ቅዝቃዜው ይበረታል፤ በክረምት አየሩ ርጥበት ስለሚሞላው ይቀንሳል።

ይህን በክፍላችን ባደረግንበት ዓመት ሁለት ገንቦዎች ገዝተን ነበር። አንደኛው ሲቀዘቅዝ ሌላው እንብዛም አልቀዘቀዘም። ምክንያቱ ለእኛም ግልጽ አልነበረም። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር አንዲት ተማሪ ቀስ ብላ፣ «ያኛው ተሟሽቷል፤ ቀዳዳው ተደፍኗል» አለች። እንዴት እንዳወቀች ብንጠይቃት አቀረቀረች። እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆኗን እስከዚያ ቀን ለማንም አልነገረችም ነበር። ለምን እንዳልነገረች ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በዐዋጅ ያስከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከሁሉ ቤት ገና አልወጣም። በሸክላው እንበላለን፣ በማረሻው እናርሳለን፣ ሸማውን ለብሰን በዓል እንውላለን፤ የሠራውን ሰው ግን በስሙ ለመጥራት እንጠየፋለን። ይህን የሚሰማ ልጅ እጁን ሥራ ከማስነካት ቢሸሽ ምን ያስደንቃል? በእጁ ሠርቶ የሥራውን ክብደት ያየ ልጅ ግን ባለ ሙያን ሊንቅ አይችልም። ያቺ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የተሟሸና አንድ ያልተሟሸ ገንቦ ከቤቷ አምጥታ፣ በክፍሉ ፊት «እማዬ ናት የሰጠችኝ» አለች። በዚያ ቀን ማንም አልሳቀም፤ ጥያቄ የነበረው ሁሉ ወደ እርስዋ ሄደ።

፬ኛ፤ ቀለምና ብዕር

የቀድሞ ጸሐፍት ብራናውን ፍቀው፣ መቃውን ቀርጸው፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል በጥብጠው፣ ለወራት አቆይተው ይጽፉ ነበር። ሊቅነታቸው እጃቸውን ከሥራ አላራቀውም። በቤት ውስጥ በቀላሉ እንዲሠራ ከድስት ሥር የተፋቀ ጥላሸት በደንብ ይላም፤ የግራር ሙጫ በሞቀ ውሃ ይሟሟ፤ ሙጫው በጠብታ በጠብታ ከጥላሸቱ ጋር ይታሽ። ሙጫው ካነሰ ጽሕፈቱ ሲደርቅ በጣት ይጠረጋል፤ ከበዛም ከብዕሩ አልወርድ ይላል። ልጁ ልኩን እስኪያገኝ ሦስት አራት ጊዜ ይበጠብጣል፤ በየጊዜውም ስንት ጠብታ እንደ ጨመረ ይጽፋል። መቃውን በቢላዋ የሚቀርጸው ግን ትልቅ ሰው መሆን አለበት።

ለወላጆች የምንሰጠው ምክር

የመጀመሪያው፣ ልጁን አትቅደሙት። መልሱን ብታውቁትም እንኳ እስኪያገኘው ታገሡ፤ ካላወቃችሁትም «አላውቅም፤ አብረን እንየው» ለማለት አትፈሩ። ሁለተኛው፣ አንድ ደብተር ይኑረውና በአንድ ገጽ የገመተውን፣ በአንጻሩ ያየውን ይጻፍ። ሁለቱ ባልተስማሙበት ቀን ብዙ ተምሯል ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ወንድ ልጁ ለሥራ፣ ሴት ልጂቱ ለመጥረግ አይመደቡ፤ ሁለቱም ይሥሩ፣ ሁለቱም ይጥረጉ። አራተኛው፣ የሠራውን ነገር በፊቱ አትጣሉበት። የተጣመመ ቢሆንም የድካሙ ፍሬ ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ሁሉ ከፈተና ትምህርቱ ያስታጕለዋል» ይሉናል። የቃል ጥናት ዋጋ እንዳለው አንክድም፤ እኛም በቃል ጥናት ያደግን ነን። ነገር ግን በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ የተሳሳተ ነገር ሲነገረው የሚያመሳክርበት ነገር የለውም። አንድ ጊዜ እንጨት ተክሎ የለካ ልጅ ግን መጽሐፍም፣ መምህርም፣ ስልክም የሚነግረውን ሰምቶ «እስቲ ወጥቼ ልየው» ይላል። ይህን የሚል ልጅ በቀላሉ አይታለልም።

ከሳምንቱ ቀኖች አንዱን ግማሽ ቀን ለልጆቻችን እጅ እንስጥ። በሚመጣው ቅዳሜ ሰማዩ ከጠራ፣ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ሜትር እንጨትና ጥቂት ጠጠር ብቻ ነው።