ባሕር የሌለው ወደብ፤ ስለ መተማና ስለ አብደራፊ

በተማሪ ቤት መልክዐ ምድር ስናስተምር፣ ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ዘመን የነገደችባቸውን ወደቦች እንዲጠሩልን ልጆቹን ጠይቀን ነበር። አንዱ ምጽዋን፣ ሁለተኛው ዐሰብን፣ ሦስተኛው ጅቡቲን፣ ታሪክ የሚወደው ደግሞ አዱሊስን ጠራ። በኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ተነሥቶ «መተማ» አለ። መተማ ባሕር የለውምና ጓደኞቹ ሁሉ ሳቁበት። እኛ ግን ለመሳቅ አልቸኰልንም። ወደብ የሚባለው ከሩቅ የመጣ ሰው ጭነቱን የሚያራግፍበት፣ የሚሄደውም የሚጭንበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ የብዙ ሕዝብ ቋንቋ በአንድ ገበያ የሚሰማበት የሀገር ደጅ ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ልጁ እውነቱን ተናግሯል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ውድ አንባቢዎቻችንን ወደዚህ ባሕር ወደሌለው ወደብ ይዘን ልንወርድ እንወዳለን። ብዙዎቻችን ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የምናውቀው ወባውንና ሐሩሩን ብቻ ነው። ነገር ግን በቤተ መቅደስ የሚታጠነው ዕጣን፣ በጾም ወራት በማዕዳችን የሚቀርበው ሰሊጥ፣ የብዙ ልጆቻችንም ላብ ከዚያ ምድር ጋር የተያያዘ ነው። ደጁን የማያውቅ ባለቤት ቤቱን አውቃለሁ ሊል አይገባውም።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ እስከ መተማ ዮሐንስ ድረስ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ መተማ ግን ከ700 ሜትር እምብዛም አትርቅም። ስለዚህ መንገደኛው በአንድ ቀን ውስጥ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን ያያል። በጭልጋ፣ በአይከል ከተማ ጋቢውን የደረበ ሰው፣ ጥቂት ሰዓት ሳይቈይ ጋቢውን አጥፎ ከጕልበቱ ላይ ያኖረዋል። ገብሱና ባቄላው በማሽላና በሰሊጥ ይተካል፤ በየሸንተረሩም የቆላ ሽመል ይታያል። ከአይከል በታች ነጋዴ ባሕር የምትባል ከተማ አለች። ባሕር በማይታይበት አገር ይህን ስም ስንሰማ፣ የቀድሞ ሰዎች የነጋዴውን ብዛት ከባሕር ጋር አስተያይተውት ይሆንን ብለን ማሰባችን አልቀረም። ከዚያ ገንዳ ውኃንና ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደረሳል። የዚያ አገር ወንዝ ጓንግ ድንበሩን ካለፈ በኋላ አትባራ ተብሎ ዐባይን ይቀላቀላል፤ በስተ ሰሜን ያለው ትልቁ አንገረብም በሱዳን ምድር ባሕረ ሰላም ይባላል። እንግዲህ መርከብ ባይኖር እንኳ የቆላው ውኃ ሁሉ ወደ ባሕር መንገደኛ ነው።

መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ገላባት በአንዲት ትንሽ ወንዝ ማዶና ማዶ ፊት ለፊት የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ከገላባት በኋላ መንገዱ በገዳሪፍ በኩል እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ እስከ ፖርት ሱዳን ይዘልቃል። ሰላም በሆነ ጊዜ በገበያው አንዱ በዐማርኛ ይጠይቃል፤ ሌላው በዐረብኛ ይመልሳል፤ ሁለቱም ሳይቸገሩ ይግባባሉ። ነጠላ የለበሰችው እናት ጀለቢያ ከለበሰው ነጋዴ ጋር ዋጋ ስትከራከር ማየት ለደጋ ሰው እንግዳ ሲሆን፣ ለዚያ አገር ሰው ግን የዘወትር ነገር ነው። ከገጠሩ ነዋሪዎች መካከል ጉሙዞች ከጥንት ጀምሮ የቆላው ባለቤቶች ናቸው።

ይህ ደጅ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ታላቅ የውጭ በር ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም ከግብፅ ተነሥቶ፣ በስናር በኩል አድርጎ በ1691 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ሀገሩ ሲመለስ በራስ አል ፊል በኩል ወደ ስናር ወረደ። በመካከሉ፣ በ1736 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ላይ ዘምተው በተሸነፉ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር የወረደው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል በጠላት እጅ ወደቀ፤ በኋላም ዋጋ ተከፍሎበት ተመለሰ። ያው ቅዱስ ሥዕል በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች ከመቅደላ ተወስዶ እስከ ዛሬ ወደ ሀገሩ አልገባም።

መተማን የገበያ ከተማ ያደረጓት በይበልጥ ተክሩር የሚባሉት ሙስሊሞች ናቸው። እነርሱም ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪቃ ወደ መካ ለመሳለም ሲመላለሱ በዚያው የሰፈሩ ሕዝቦች ነበሩ። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ወርቅና በቅሎ ይወርድላቸው ነበር፤ ከማዶ ደግሞ ጨርቅና ዶቃ ይመጣ ነበር። የሰው ልጅም እንደ ዕቃ በዚያ ገበያ መሸጡን ልንሸሽግ አይገባንም፤ የአባቶችን ሥራ የሚጽፍ ሰው ክብሩንም ነውሩንም መጻፍ አለበትና።

የገበያ በር የሆነ ሁሉ የጦር በርም መሆኑ አይቀርም። የቋራው ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ሠራዊት ጋር ገጥመው በመድፍ ድል የሆኑት በዚሁ የድንበር ቆላ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነገር ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ተዋውለው፣ በድርቡሽ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል በሰላም እንዲወጡ ረዱ፤ ከእነዚህም አንዱ የመተማው ጦር ነበር። በዚህ ምክንያት የድርቡሽ ቍጣ ወደ እኛ ዞረ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሣር ውኃ ድል ሆኑ፤ ጠላትም ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ እሳት ተርፋ ዛሬም ለምስክርነት ቆማ ትታያለች።

በማግሥቱ ዓመት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ይዘው መተማ ላይ ገጠሙ። ወታደሩ የእሾኹን አጥር ጥሶ ገብቶ ድሉ ሊፈጸም በተቃረበ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቈሰሉ፤ በማግሥቱም መጋቢት 2 ቀን ዐረፉ። ሠራዊቱ ይህን በሰማ ጊዜ ልቡ ተሰብሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። የድርቡሹ አዝማች ዘኪ ጡማል ተከታትሎ በአትባራ ወንዝ አጠገብ አስከሬናቸውን ማረከ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ልጆቻችን መተማ ዮሐንስ የሚለውን ስም በካርታ ላይ ሲያነቡ፣ ይህ ስም በደጁ ላይ ቆሞ የሞተ ንጉሥ መታሰቢያ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መተማ ለኢትዮጵያ፣ ገላባት ለሱዳን ሆኑ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ስሊም የሚመራ ጦር ገላባትን ከጣልያኖች አስለቅቆ በመተማ ላይ ሲዘጋጅ በአውሮፕላን ድብደባ ተመለሰ፤ ጣልያኖችም በጥር ወር ሥፍራውን ለቀው ሄዱ። በእኛ ዕድሜም፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሱዳናውያን፣ የሌላ ሀገር ሰዎችና ከስደት የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ሕፃናታቸውን ታቅፈው በዚሁ ድልድይ ተሻገሩ። ጦር ያለፈበት ደጅ የስደተኛም መጠጊያ ሆነ።

አሁን ደግሞ ከከተማው ወጥተን ዱሩን እንመልከት። በመተማና በቋራ ደረቅ ኮረብታዎች ላይ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ፣ በበጋ ቅጠሉን የሚያረግፍ ዛፍ ይበቅላል፤ ይኸውም የዕጣን ዛፍ ነው። በበጋው ወራት ሠራተኛው ስለት ባለው ትንሽ መሣሪያ የግንዱን ልጥ በጥቂቱ ይልጠዋል፤ ከቍስሉም ነጭ ወተት ይወጣል። ይህ ወተት በነፋስና በፀሐይ ደርቆ እንደ እንባ ጠብታ ሲሆን ይለቀማል፤ ቍስሉም እንደገና እየታደሰ ዛፉ በአንድ በጋ ብዙ ጊዜ ይደማል። እኛ በዲቍና ዘመናችን ጽናውን ስናቀርብ የዕጣኑን መዓዛ እንጂ የዛፉን ቍስል አስበን አናውቅም ነበር።

ይህ ዛፍ ዛሬ በታላቅ አደጋ ላይ ነው። የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ሊቃውንት ተባብረው በ2011 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ከመረመሯቸው የዕጣን ደኖች በአብዛኞቹ ታዳጊ ችግኝ እንደሌለ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም አዲስ ዛፍ እንዳልተተካ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስረድተዋል። ምክንያቶቹም ያለ ዕረፍት መላጥ፣ የሰደድ እሳት፣ ችግኙን የሚበላ ከብትና ግንዱን የሚቦረቡር ነቀዝ ናቸው፤ ለእርሻ ሲባል የሚደረገው ምንጣሮም ተጨምሯል። አሮጌዎቹ ሲሞቱ የሚተካ ወጣት ከሌለ፣ የልጅ ልጆቻችን ቤተ መቅደስ በምን ይታጠናል? መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ ዛፉን በየጊዜው ማሳረፍ፣ ቍስሉን ማሳነስ፣ ከብትንና እሳትን መከልከል ነው። የማኅበረ ሥላሴ ገዳም አባቶች በዚያው ቆላ ደናቸውን ጠብቀው ማቈየታቸው ይህ ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን ያሳያል። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ተያይዞ እስከ አንበሳ ድረስ የዱር አራዊትን አስጠልሎ ይገኛል።

ከመተማ በስተ ሰሜን፣ በዚሁ ድንበር ላይ፣ በምዕራብ አርማጭሆ አብደራፊ ትገኛለች። ከጎንደር የሚሄድ ሰው በሳንጃና በአብርሃጅራ በኩል ይደርስባታል። ዙሪያዋ ዓይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋ ጥቍር መሬት ሲሆን፣ ዋናው ሰብል ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ችኵል እህል ነው፤ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተፈልቅቆ በመሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ በክረምት ለአረም፣ በጥቅምት ለአጨዳ፣ ከደጋው ብዙ ወጣት ማጭዱን ይዞ ይወርዳል። ልምድ ያላቸውን፣ ከዓመት እስከ ዓመት በዚያው የሚሰነብቱትን ሠራተኞች ሳሉግ ይሏቸዋል።

ከእኛ ተማሪዎች አንዱ እንዲሁ ለደብተርና ለልብስ መግዣ ብሎ ወደ አብደራፊ ወረደ። ሲመለስ ገንዘቡን ለእናቱ ሰጠ፤ ትኵሳቱ ግን አልለቅ አለው። ወባ ነው ተብሎ መድኀኒት ተሰጠው፤ አልተሻለውም። ከወራት በኋላ ሰውነቱ ከስቶ፣ ሆዱ በጣፊያ እብጠት ተነፍቶ ባየነው ጊዜ ደነገጥን። በሽታው ካላ አዛር ነበር። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ከተራ ትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በጥቍር መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፤ በሌሊትም በሜዳ የተኛውን ሠራተኛ ትነድፋለች። ሳይታከም የቀረ ሰው ከሞት የሚያመልጠው በጭንቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው የፈጀው ወረርሽኝ ይኸው በሽታ መሆኑ ታውቋል፤ ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ አልቀሩም፤ በመጀመሪያም ወባ መስሎ ነበር። ልጁ ግን በጊዜ ተደርሶለት ለ17 ቀን መርፌ ተወግቶ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ። እናቱ «እኔ ገንዘቡን ቈጠርኩ እንጂ ልጄን አልተመለከትኩም» ስትል ሰምተናል። ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ወደ ቆላ ሲወርድ ከስንቁ ጋር አጎበር አስይዙት፤ ከግራር ሥር እንዳይተኛ ምከሩት። በተመለሰም ጊዜ ትኵሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ፤ ከወዴት እንደ መጣም ንገሩ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ከመንግሥት ጋር ሆኖ በዚያው በአብደራፊ የካላ አዛርንና የእባብ ንድፍን ሕክምና ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ቈይቷል።

ያ በኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ያስተማረን ይህን ነው። ንጉሥ በደሙ የጠበቀው ደጅ፣ ዕጣን የሚገባበት ደጅ፣ ልጆቻችን ላብ የሚያፈሱበት ደጅ የሁላችን ቤት ደጅ ነው። በሚመጣው እሑድ የዕጣኑ ጢስ በመቅደሱ ሲወጣ፣ ስለ ቈሰለው ዛፍና በሜዳ ስለሚያድረው ወጣት አንድ ጊዜ እናስብ። የሠራዊት ጌታ እግዚአብሔር ደጃችንን በሰላም ይጠብቅልን። አሜን።