ልብ ሲላላ ሥራ ላይ ነው

ስለ ልብ ሲወራ ሁሌም ስለ መምታቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን በሁለት ምት መካከል የሚሆነው ነገር ነው። ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ቢመታ አንዱ ዙር 0.8 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ 0.5 ያህሉ የመላላትና የመሞላት ጊዜ ነው። «ያማ ዕረፍቱ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ኧረ ምን በወጣው! ጡንቻውን ያኮማተረው ካልሲየም ተለቅሞ ወደ ማከማቻው መመለስ አለበት፤ ይህ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ኦክስጅን ሲያጥረው ከመኮማተሩ በፊት መላላቱ የሚታወከው ለዚህ ነው።

ለዓመታት ከደም ግፊት ጋር የታገለ ልብ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደድራል። ደም ሲገባበት አልለጠጥም ስለሚል ውስጡ ያለው ግፊት ይንራል፤ ያ ግፊት ወደ ሳንባ ይመለስና ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

አሁን ናይትሮግሊሰሪንን እንውሰድ። አዎ፣ ያው የድማሚቱ! ጣሊያናዊው ኬሚስት አስካኒዮ ሶብሬሮ እ.ኤ.አ. በ1847 ሠርቶ ቢቀምሰው ራስ ምታት ለቀቀበት፤ የራስ ቅል ደም ሥሮች ሲሰፉ እንዲያ ነው። በ1879 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም መሬል ለደረት ሕመም እንደሚበጅ ጻፈ። ከምላስ ሥር የምትደረገው እንክብል በደቂቃዎች ውስጥ በተለይ ደም መላሽ ሥሮችን ታሰፋለች። አብዛኛው ደማችን ያለው እነሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ሲሰፉ ብዙው እዚያው ይቀራል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንስና የሙሊቱ ግፊት ይወርዳል።

የምወደው ክፍል ይኼ ነው፦ ቀኝና ግራው የልብ ጎን ግድግዳ ይጋራሉ፣ በአንድ ከረጢትም ተሸፍነዋል። ቀኙ ሲያንስ ግራው ቦታ ያገኛል፤ ያንኑ ያህል ደም በዝቅተኛ ግፊት ይይዛል። ላየው ሰው መድኃኒቱ ልብን ያለሰለሰው ይመስላል፤ ጡንቻው ግን እንደደደረ ነው።

ሃይድራላዚን የተባለው ሌላ መድኃኒት ደግሞ ደም ወሳጆቹን ያሰፋል። ልብ የሚገፋው ሸክም ይቀልለታል፤ ነገር ግን የደም ግፊት ሲወርድ ምቱ ሊፈጥን ይችላል፣ ፍጥነት ደግሞ ይበልጡን የሚሻማው የመሞላቱን ጊዜ ነው።

ታዲያ ትንፋሽ ለሚያጥረው፣ ልቡ ለደደረ ሰው እንደ ናይትሮግሊሰሪን ያለ ናይትሬት መስጠት አይሻልም? እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ የልብ ድካም ያለባቸው ግን የመምታት ኃይላቸው ያልተነካ 110 ሕሙማን ኢሶሶርባይድ ሞኖናይትሬትና ባዶ እንክብል በየተራ ወሰዱ፤ እንቅስቃሴያቸው ወገባቸው ላይ በታሰረ መሣሪያ ተለካ። በመድኃኒቱ ጊዜ ጭራሽ ያነሰ ተንቀሳቀሱ! አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም፦ የደደረ ልብ እንዲሞላ ግፊቱን ይፈልገዋል፤ የሚመለሰው ደም ሲቀንስበት የሚረጨውም ያንሳል።